ከላብ ደብተር እስከ ጊት፦ የተማሪ ሥራ የተመዘገበበት መንገድ

የዘንድሮው የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «ስለ ላቦራቶሪያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የዕቃዎቹን ታሪክ ነበር። ኦስሲሎስኮፑ መቼ ገባ፣ ኮምፒዩተሮቹ መቼ ተተከሉ የሚለውን ማለቴ ነው። እሱን ግን የንብረት ክፍል መዝገብ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። እኔ የምጽፈው ተማሪ ላብ ገብቶ የሠራው ሥራ የት ይመዘገብ እንደነበረ፣ መዝገቡ በመሃል እንዴት እንደጠፋብን፣ ኋላም ቨርዥን ኮንትሮል በሚባለው ሶፍትዌር እንዴት እንደተመለሰ ነው። በመሃሉ የራሴ ጥፋት አለ። እሱን ሳልዘል እጽፈዋለሁ። እውነቱን ለመናገር «እሺ» ያልኩትም በአብዛኛው ለእሱ ስል ነው።

ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው። የውጭ አገር ታሪክ ሲመጣ እ.ኤ.አ. እያልኩ አመለክታለሁ።

በእስክርቢቶ ብቻ

እኔ በ1985 ስገባ የላብ ሥራ የሚጻፈው በደብተር ነበር። በዕድሜ የምትበልጡን ምሩቃን ይህንን ከእኔ አብልጣችሁ ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይገዛል፣ ገጾቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የሚጻፈው በእስክርቢቶ ነው፤ እርሳስ ለግራፍ ካልሆነ አይፈቀድም። ገጽ መቅደድ ክልክል ነው። ቁጥር የተሳሳተ ተማሪ የተሳሳተው እንዲነበብ አድርጎ አንድ መስመር ብቻ ያሰምርበታል፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል። ላቡ ሲያልቅ ቴክኒሻኑ ይመጡና ከመጨረሻው መስመር ሥር ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርማሉ።

ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አንድ ቴክኒሻን ነበሩ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የትራንዚስተር ማጉያ ሠርተን የኮሌክተሩን ቮልቴጅ ስለካ 12 ቮልት አነበበልኝ። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው፤ ትራንዚስተሩ ጨርሶ አልሠራም። እኔ ደግሞ አፈርኩ። ገጹን ቀስ ብዬ ቀደድኩና በስሌት ያገኘሁትን ቁጥር እንደ ልኬት አድርጌ በሚቀጥለው ገጽ ጻፍኩ። ጋሼ ለመፈረም መጡ፣ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ገጽ 14ን አዩ፣ ቀጥሎ 17ን አዩ። ምንም አልተቆጡም። «ያልሠራበት ገጽ እኮ ነው የሚያስተምርህ። እሱን ቀደህ ምን ልታሳየኝ ነው?» አሉኝና ሳይፈርሙ ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ላቡን ብቻዬን እንደገና ሠራሁት። ለካስ የቤዙ ሽቦ ብሬድቦርዱ ላይ አንድ ቀዳዳ ስቶ ነበር የተሰካው።

ያኔ ነገሩ ቁጣን መፍራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደብተር ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይይዝ ነበር፦ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ። ከሥሩ ያለው ፊርማ ደግሞ «ይህ በዚህ ቀን እዚህ ነበረ» የሚል የሦስተኛ ሰው ምስክርነት ነው።

የፍላሽ ዘመን

ኮምፒዩተር ወደ ላባችን የገባው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ 1.44 ሜጋባይት የምትይዘው ፍሎፒ ዲስክ ነበረች። ከዚያ ፍላሽ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሪፖርት በእጅ መጻፍ ቀርቶ ሁሉም ተተይቦ፣ ታትሞ፣ ተጠርዞ መግባት ጀመረ። እኔም ማስተርሴን ጨርሼ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ደብተሩ ይቅር ብለው በዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ምክንያታችንም መጥፎ አልነበረም። የተተየበ ሪፖርት ይነበባል፣ ግራፉ ያምራል፣ የተማሪው ቁጥርም በየዓመቱ እየጨመረ ስለነበር የ200 ተማሪ ደብተር መፈረም የሚችል ቴክኒሻን አልነበረንም።

የጠፋውን ነገር ግን ቶሎ አላየነውም። ተተይቦ የሚመጣው ያለቀው ሥራ ብቻ ነው። 12 ቮልት ያነበበው ገጽ የለም። አምስት ተማሪ በአንድ ቡድን ይሆንና አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይተይባል፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። የሲኒየሮች ሪፖርት በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ፋይሎቹም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል»፣ «ይሄ ነው የሚገባው» እየተባሉ ይጠራቀማሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ባለቤቱም አያውቀውም። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከያዘው ደግሞ የሴሚስተር ሥራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

በ2000 የማይክሮኮንትሮለር ኮርስ አስተምር ነበር። የላብ ፕሮጀክቱ የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ሲሆን ከ100 ነጥብ 20 ይዟል። ሳርም ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ኮድ አስገብተው አገኘሁ። የመዘግያዎቹ ቁጥሮች አንድ ናቸው፤ በማብራሪያው ውስጥ የተሳሳተው የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳን አንድ ነው። ማን ከማን እንደገለበጠ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ለሁለቱም ዜሮ ሰጠሁ።

በማግስቱ ከአንደኛው ቡድን አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ይዛለች። ደብተር መያዝ ግዴታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ እሷ ግን በራሷ ትይዝ ነበር። «ቲቸር፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሠራሁት፣ የተሳሳትኩትም ሁሉ እዚህ አለ» አለችኝ። እኔም «ደብተር ማታ ቁጭ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል» አልኳት። ደብተሩን አልከፈትኩትም። ትንሽ ቆማ፣ «እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች።

ያ ዜሮ ግሬዷን አወረደው። በማዕረግ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን ነጥብ በጥቂቱ ሳተችው። በዚያ ዓመት ዲፓርትመንቱ ግራጁዬት አሲስታንት ሲመርጥ ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። እኔ ደግሞ ፍትሐዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም እኩል ቀጥቻለሁና።

አንድ መምህር፣ ሁለት ተማሪዎች

እኔ በዚህ መንገድ ስፈርድ ችግሩ በሌላ ቦታ መፍትሔ ካገኘ ዓመታት አልፈው ነበር።

የሶፍትዌርን ለውጥ በመዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሠሩት አንዱ ኤስሲሲኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካው ቤል ላብስ ማርክ ሮችካይንድ የተባለ መሐንዲስ የጀመረው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፋይል በተለወጠ ቁጥር አዲሱን በአሮጌው ላይ ከመጻፍ ይልቅ ልዩነቱን ብቻ መዝግብ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው አብረህ ጻፍ። ያኔ የትኛውንም የቀድሞ ቅጂ መልሶ ማውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ቲኪ አርሲኤስን ሠራ። እሱ የመጨረሻውን ቅጂ ሙሉውን አስቀምጦ ወደ ኋላ የሚወስዱትን ልዩነቶች ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አዲሱ ስለሆነ ሥራው ፈጠነ። ሁለቱም ግን ቁልፍ ነበራቸው። አንድ ሰው ፋይሉን ለማረም ከያዘው ሌላው እስኪለቅለት ይጠብቃል። ለቡድን ሥራ ይህ አያመችም።

ለእኛ ለመምህራን በጣም ቅርብ የሆነው ቀጥሎ ያለው ታሪክ ነው። በአምስተርዳም የፍራየ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዲክ ግሩን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠራ ነበር። የሦስቱ ሰዓት አልገጥም አለ። አንዱ ተማሪ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ነው። ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መምህሩ ራሱ ለዚህ ሥራ የሚተርፈው ማታ ማታ ብቻ ነው። አንዱ ፋይል ቆልፎ ከሄደ ሌሎቹ ሥራ ይፈታሉ። ስለዚህ ግሩን በአርሲኤስ ላይ ተደርቦ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ቅጂ ይሠራሉ፤ በኋላ ፕሮግራሙ ሥራቸውን ያዋህዳል፤ ሁለት ሰው አንድ መስመር ለውጦ ከተገኘ ደግሞ «ተነጋገሩ» ይላል። ይህ ሲቪኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ለሕዝብ ተለቀቀ፣ በ1989 ብራያን በርሊነር በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት የዓለም ነፃ ሶፍትዌር በአብዛኛው የተሠራው በእሱ ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ የተወለደው ከአንድ መምህርና ከሁለት ተማሪዎች የሰዓት አለመግባባት ነው። የላብ ቡድን ችግር ነው እኮ!

የቀረውን አጠር ላድርገው። ሲቪኤስን ለመተካት የተጀመረው ሰብቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ ሙሉ ቅጂው ወጣ። በ2005 ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል የንግድ ሶፍትዌር ነፃ ፈቃዱን ሲያነሣባቸው፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ ወር ውስጥ የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። እሱ ነው ጊት። ከጥቂት ወራት በኋላ የጊትን ጥገና ጁኒዮ ሃማኖ ተረከበ። ጊትን ከሲቪኤስና ከሰብቨርዥን የሚለየው ዋናው ነገር እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ታሪኩን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መያዙ ነው። ሥራን ለመመዝገብ ማዕከላዊ ሰርቨርም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ምዝገባ፣ ማለትም ኮሚት፣ የሠራውን ሰው ስም፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና ከእሱ በፊት የነበረውን ኮሚት መለያ ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ ተሰልቶ የ40 ፊደልና ቁጥር መለያ ይወጣለታል። በመሃል ያለ አንድ ኮሚት ቢነካ ከእሱ በኋላ ያሉት መለያዎች ሁሉ ይለወጣሉ። ገጽ 14 ቀጥሎ ገጽ 17 ሆነ ማለት ነው።

ጊት በእኛ ላብ

ወደ ላባችን የገባው ግን ለዚህ ተብሎ አይደለም፤ ፍላሽ ተበላሽቶብን ነው። በ2006 አንድ የአምስተኛ ዓመት ቡድን ፕሮጀክቱን ሊያቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁሉም ነገር ያለበት ፍላሽ አልከፍት አለ። ልጆቹ ሦስት ሌሊት ሳይተኙ ግማሹን እንደገና ጻፉት። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ አንድ የእኛው ምሩቅ ለእረፍት መጥቶ ላቡን ሊጎበኝ ገባ። ጉዳዩን ስነግረው «ጊት አትጠቀሙም እንዴ?» አለኝ። አልሰማሁትም ማለት አፈርኩና «ልንጀምር ነው» አልኩት። ገብቶታል፤ ሳቀ። ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ከመጋዘን ባወጣነው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫነልን፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ መዝገብ ከፈተልን፣ ከላቡ ኔትወርክ ጋር አገናኘው። ወጪው አንድ የኔትወርክ ኬብል ነበር።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ መዝገቡን ከፍቼ ማን ምን እንደሠራ ልይ ብል፣ ሥራውን ሁሉ የሠራው «ላብ ፒሲ 7» የሚባል ሰው ሆኖ አገኘሁት። ጊት ስም የሚወስደው ኮምፒዩተሩ ላይ ከተሞላው ነው፤ እኛ ደግሞ ለሁሉም ተማሪ አንድ መግቢያ ነበር ያዘጋጀነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን ሥራ ሲጀምር ስሙን በራሱ መዝገብ ላይ እንዲሞላ አደረግን። ሰዓቱም አከራከረን። ቴክኒሻኑ በመቆጣጠሪያው ወረቀት ላይ «8:30» ብሎ ጽፎ ጊት «14:30» ሲል፣ አንድ ተማሪ «ያልነበርኩበት ሰዓት ነው» ብሎ አቤቱታ አቅርቧል። በአማርኛ ስም የተሰጠው ፋይል ደግሞ በፊደሉ ፋንታ 341 እያለ የሚደጋገም የቁጥር ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። አንዲት ማስተካከያ ስትለወጥ ፊደሉ እንዳለ እንደሚወጣ ያገኘው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የእኔው ስህተት ነው። ሰነፉን ከጎበዙ ለመለየት ብዬ በኮሚት ብዛት ነጥብ መስጠት ጀመርኩ። ተማሪ መቼም ሞኝ አይደለም። አንዱ በአንድ ሌሊት ከ60 በላይ ኮሚት አደረገ፤ ስከፍታቸው አንዱ ክፍት ቦታ መጨመር ነው፣ ቀጣዩ ያንኑ ክፍት ቦታ ማጥፋት ነው። በሌላ ቡድን ደግሞ ሽቦውን ሁሉ የሠራችውና ብልሽቱን በመልቲሜትር እየተከታተለች ያገኘችው ልጅ አንድም ኮሚት አልነበራትም፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ጓደኛዋ ነበርና። መዝገቡ የጻፈውን እንጂ የደከመውን አያውቅም። ስለዚህ ቆጠራውን ተውኩት። አሁን በኮሚቱ መልእክት ውስጥ አብሮ የሠራ ሰው ስም ይጻፋል። ፈተናውም የቃል ነው፦ የቡድኑን መዝገብ እከፍትና አንዱን ቀን መርጬ «እዚህ ጋ ለምን ቀየራችሁት?» እላለሁ። የሠራ ተማሪ ይናገራል። ያልሠራም ዝም ይላል።

ወርድ ፋይልም አስቸግሮን ነበር። ጊት ሁለት ቅጂ መስመር በመስመር የሚያነጻጽረው ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኮዱ ብቻ ሳይሆን የልኬቱ ሠንጠረዥም በተራ ጽሑፍ እንዲገባ ጠየቅን፤ ግራፉ ከእሱ ይሠራል። ይህም ያልታሰበ ጥቅም ሰጠን፤ ልኬቱ በኋላ «ቢስተካከል» ይታያል።

ተማሪዎቹን ያሳመናቸው ግን የእኔ ንግግር አልነበረም። አንድ ቡድን በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ መሣሪያ እየሠራ ሳለ ንባቡ በድንገት ተዛባ። ደህና ከነበረበት ቀን ወዲህ ወደ 30 የሚጠጋ ኮሚት ተደርጓል። ጊት መሃሉን አውጥቶ የሚያስሞክር ትእዛዝ አለው፤ መሃሉ ደህና ከሆነ ችግሩ ከእሱ በኋላ ነው፣ ካልሆነም ከእሱ በፊት ነው፤ የቀረውን ደግሞ እንደገና ለሁለት ይከፍላል። በ5 ሙከራ ጥፋቱን ያመጣው ኮሚት ተገኘ። መልእክቱ «ትንሽ ማስተካከያ» ይላል። ከመካከላቸው አንዱ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለማሳመር ሲል የጋራውን ታይመር ቀይሮት ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ትንሽ ማስተካከያ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቀነሰ።

በሰኔ 2011 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ የእኛ ላብ ሥራ አልቆመም፤ ሰርቨራችን እዚያው ጥግ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ቡድንም ሙሉ ቅጂ አለው። በ2012 ተማሪዎች በኮሮና ምክንያት ወደየቤታቸው ሲሄዱም ታሪኩን በላፕቶፓቸው ይዘው ሄዱ። ጊት ሙሉውን መዝገብ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ መስጠት ስለሚችል ኔትወርክ ሲመጣላቸው በቴሌግራም ይልኩልኝ ነበር።

ያልከፈትኩት ደብተር

በ2010 በምሩቃን መገናኛ እራት ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አሁን በሙያው የተከበረ ሰው ነው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አስር ዓመት ከብዶኛል» አለኝ። የትራፊክ መብራቱ ኮድ የእሷ ነበር። ሪፖርት ላትም ብሎ ፍላሿን ተውሶ ፎልደሩን ሙሉ ገልብጦታል። ያኔ ለመናገር ፈራ፤ በኋላ ደግሞ አፈረ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ጊትን አራት ዓመት ሙሉ ፋይል እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ዕቃ አድርጌ ነበር የማየው። ለእሷ የጠፋባት ግን ፋይል አልነበረም። ሥራው የራሷ መሆኑን የሚመሰክርላት መዝገብ ነው ያጣችው። በጋሼ ዘመን ቢሆን ደብተሯ በየሳምንቱ የተፈረመበት ይሆን ነበር፤ «ማታ ቁጭ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል» ብዬ ልመልሳት አልችልም ነበር። ፊርማው እንዲቀር እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ፊርማ የለውም ብዬ ደብተሩን ናቅሁት።

ጊትም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ስምና ሰዓት ተጠቃሚው እንደፈለገ ሊሞላ ይችላል። እኛ ጋ ምስክሩ የላቡ ሰርቨር ነው፦ ተማሪው ከላብ ሳይወጣ ሥራውን ወደ ሰርቨሩ ይልካል፣ ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት በራሱ ይመዘግባል፣ አንዴ የተቀበለውን ታሪክ ተማሪ መልሶ እንዳይቀይረው ተዘግቷል። የጋሼን ፊርማ የተካው እሱ ነው። ሆኖም መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ መምህር ከሌለ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። እኔ ያን ቀን ጊት ቢኖረኝም ላልከፍተው እችል ነበር። ለባልደረቦቼ የምለው ይህንን ነው፦ ለሁለት ተመሳሳይ ሥራ ሁለት ዜሮ ከመስጠታችሁ በፊት ታሪካቸውን ጎን ለጎን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ግሬዷ ዲፓርትመንቱን ጠይቄ ነበር፤ የተዘጋ ነው፣ አይነካም ተባልኩ። ጊት ውስጥ ሪቨርት የሚባል ትእዛዝ አለ። የተሳሳተውን ኮሚት አያጠፋውም፤ እሱ ባለበት ይቆይና ከበላዩ የሚያርመው አዲስ ኮሚት ይጻፋል። ጋሼ ያስተማሩንም ይህንኑ ነበር፤ አንድ መስመር አስምርበት፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ እጽፈዋለሁ፦ በ2000 የተሰጠው ዜሮ ስህተት ነበር። ሥራው የእሷ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። የቆየ የላብ ደብተር ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ምሩቃን ካላችሁ ለጥቂት ቀን አውሱን። ስካን አድርገን ከተማሪዎቹ መዝገብ ጎን እናስቀምጠዋለን፤ የዛሬ ልጆች የተሰረዘ ቁጥር ምን እንደሚመስል ያዩታል። አንቺም ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ አረንጓዴው ደብተር አሁንም ካለሽ፣ ይዘሽው ነይ። ቢሮዬ አልተቀየረም። አብረን ቁጭ ብለን ከገጽ አንድ ጀምሬ አነበዋለሁ።